ካለፉ በኋላ መንገድ ላይ ስለሚቀሩ ልጆች

ለጋዜጣው አዘጋጅ፦

ጅማ መናኸሪያ አጠገብ ፎቶ ኮፒና ጽሕፈት የምሠራበት አነስተኛ ሱቅ አለኝ። የዩኒቨርሲቲ ምደባ በወጣ ሰሞን ሱቄ መቆሚያ ያጣል። ከሰጠማ፣ ከጌራ፣ ከሊሙ፣ ከኦሞ ናዳ ልጆች ይመጣሉ። ብዙዎቹ ሰፈራቸው ኔትወርክ እንደልብ የለም። ምደባቸውን የሚያዩትም፣ የጥሪ ማስታወቂያውን ፕሪንት የሚያስደርጉትም እኔ ዘንድ ነው።

ስለ ዩኒቨርሲቲ መግባት ሲነሳ ሁሌም የሚወራው ስለ ፈተናው ነው። እውነት ነው፣ ከባድ ነው። ፈተናው በየዩኒቨርሲቲው ግቢ መሰጠት በጀመረበት ጊዜ፣ ውጤቱ ጥር 2015 ሲነገር፣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በዚያ ፈተና አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች ከ1,000 በላይ ነበሩ። በ2017ቱ ፈተና ያለፉት ወደ 8.4 በመቶ ከፍ ብለዋል። እኔ ግን ዛሬ የምጽፈው ስላለፉት ነው። ቤተ ሙከራና በቂ መጽሐፍ ከሌለበት ትምህርት ቤት ተነስተው፣ ያንን ሁሉ አልፈው፣ መሳፈሪያ አጥተው ስለሚቀሩት።

ባለፈው ጥቅምት አንድ አባት ከልጃቸው ጋር መጡ። ወረቀቶቹን በፌስታል ጠቅልለው ከኮታቸው ውስጥ አወጡ። ልጅቷ የተመደበችው ጅግጅጋ ነው። «አዴ፣ እስቲ አንብቢልን» አሉኝ። ማስታወቂያውን አነበብኩላቸው። የ8ኛ ክፍል ሰርተፊኬት፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ትራንስክሪፕት፣ የ12ኛ ክፍል ውጤት፣ ዋናውም ኮፒውም። አራት ጉርድ ፎቶ። አንሶላ፣ ብርድ ልብስ፣ የትራስ ልብስ፣ የስፖርት ትጥቅ። አባትየው ጣታቸውን እያጠፉ ይቆጥራሉ። ብርድ ልብሱ ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ። «ቤት ካለው አንዱን ትወስዳለች» አሉ። ልጅቷ ቀስ ብላ «ታናናሾቼስ ምን ይለብሳሉ?» አለቻቸው።

መንገዱን አብረን አሰላን። ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ ጅግጅጋ ሌላ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ አለ። አዲስ አበባ ማደር አለ፣ ዘመድ የላቸውም። አንዲት የ18 ዓመት ልጅ ብቻዋን ሌሊት የት ትደር? አባት አብረው ይሂዱ ቢባል ወጪው እጥፍ ይሆናል፣ መመለሻም አለ። በእጃቸው ያለው ብር አዲስ አበባ ያደርሳታል። ከዚያ ወዲያ የለም።

እኚህ ሰው ችጋራም ሰነፍም አይደሉም። ቡና አላቸው። ግን ሰፈራቸው ደጋ ስለሆነ ቡናው ዘግይቶ ነው የሚቀላው። ገንዘቡ ገና ዛፉ ላይ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ምን ያደርጋል? እሸቱን ሳይለቅም ለነጋዴ ይሸጣል። ነጋዴው ችግሩን ያውቃል፣ ዋጋውንም እሱ ይቆርጣል። የዓመት ቀለብ በአንድ ቀን ይሄዳል ማለት ነው። እሳቸውም ያደረጉት ይህንኑ ነው።

ይህን ሳይ ዝም ማለት ያቃተኝ በራሴ ስለደረሰ ነው። በ1999 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ተመድቤ ነበር። የአባቴ ጀንፈል፣ ከነገለባው የሚደርቀው ቡና፣ ደርቆ እስኪሸጥ ጠበቅን። አራት ቀን ዘግይቼ ደረስኩ። ሬጅስትራር መስኮት ላይ የነበረው ሰው ቀና ብሎ ሳያየኝ «ምዝገባ አልቋል» አለኝ። ለማን አቤት እንደሚባል አላውቅም፤ የምጠይቀው ሰውም አልነበረኝም። ግቢው በር ላይ ሻንጣዬ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩና በማግስቱ ተመለስኩ። አዲሱ ብርድ ልብስ ከነላስቲኩ ነበር። እናቴ ለብዙ ጊዜ ልትፈታው አልፈለገችም።

ወጪ መጋራት የሚባለው አሠራር እኮ አለን። ተማሪው ውል ይፈርማል። የምግቡንና የመኝታውን፣ ከትምህርቱ ወጪም ድርሻውን፣ ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ ይከፍላል። ለድሃ ልጅ ይህ ትልቅ ነገር ነው፣ አልነቅፈውም። ነገር ግን ውሉ የሚፈረመው ግቢ ከተገባ በኋላ ነው። ግቢው በር ድረስ የሚያደርሰው ብር በውሉ የለም። የግቢ ምግብ የማይበላ «ነን ካፌ» ተማሪ በጥሬ ብር እንደሚሰጠው ሰምተናል፣ አይተናልም። ስለዚህ ለተማሪ ብር ሰጥቶ በዕዳው ላይ መጻፍ ለመንግሥት እንግዳ አይደለም።

ታዲያ ለምን ቀደም ብሎ አይጀመርም? ምደባ የደረሰው የገጠር ልጅ ወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሄዶ ውሉን እዚያው ይፈርም። ወላጁም ይፈርሙ። የመሳፈሪያውና የመጀመሪያው ወር ወጪ በባንክ ወይም በቴሌብር ይግባለት፣ ዕዳው ላይም ይመዝገብ። ብሩ በርቀቱ ይወሰን፤ ጅማ ለተመደበ የማና ልጅና ጅግጅጋ ለተመደበ የጌራ ልጅ እኩል አይሁን። ማጭበርበር ይመጣል የሚል ካለ፣ ምደባው በስም ዝርዝር ወጥቷል፣ ማመሳከር ቀላል ነው።

ሁለተኛው ደግሞ ብር እንኳ አይጠይቅም። ከወረዳው ደብዳቤ ይዞ ዘግይቶ የደረሰን ልጅ ዩኒቨርሲቲው ይመዝግበው። ማስታወቂያው ላይም የሚያነሳው ሰው ያለበት ስልክ ቁጥር ይጻፍ። መንገድ ላይ የቀረ ልጅ ደውሎ «እየመጣሁ ነው» ማለት ይቻለው።

ልጅቷ ጅግጅጋ ገብታለች። በሦስተኛው ቀን በሱቄ ስልክ ደውላ «ተመዝግቤያለሁ፣ ለአባቴ ንገሪልኝ» አለችኝ። አባትየው ወደ ከተማ የመጡት በሳምንቱ ነው፣ የገበያ ቀን። እስከዚያ ድረስ አልሰሙም ነበር። ቀጣዩ ምደባ መምጣቱ አይቀርም። ትምህርት ሚኒስቴርም፣ ዩኒቨርሲቲዎቹም፣ ወረዳዎቹም እስከዚያ ቁጭ ብለው ይነጋገሩበት ብዬ እለምናለሁ።

የፎቶ ኮፒ ቤት ባለቤት
ከጅማ መናኸሪያ