በተሳሳተ ፑሊ ስላለፉ የፍሬን ገመዶችና ስለ አማርኛው የአበራረር ወረቀት የቀረበ ቅሬታ

ለክንፍ ምርመራና ጥገና አገልግሎት ሥራ አስኪያጅ
አውሮራ፣ ኮሎራዶ

ጉዳዩ፦ ሦስት የፓራሞተር (በጀርባ በሚታዘል ሞተር የሚበርሩበት) ክንፎች ዳግም እንዲመረመሩ፣ የመመሪያ ወረቀቱ እንዲሰበሰብና የከፈልነው ገንዘብ እንዲመለስ ስለመጠየቅ

ለዓመታዊ ምርመራ ያስረከብናችሁን ሦስት የሪፍሌክስ ክንፎች «አልፏል» የሚል ማኅተም ተመትቶባቸው ተረክበናል። አንዳቸውም ግን ለበረራ የሚበቁ ሆነው አላገኘናቸውም። ጉድለቱን ያየነው ሞተር ሳንሸከም፣ ሜዳ ላይ በነፋስ ብቻ አንስተን ስንፈትሻቸው ነው። ከዚያ በኋላ ራይዘሮቹን (የክንፉ ገመዶች የሚታሰሩባቸውን ጠፍጣፋ ማሰሪያዎች) ሚስማር ላይ ሰቅለን፣ ገመዶቹን በ5 ኪሎ ወጥረን ለካን። ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮች ከዚያ ልኬት የተገኙ ናቸው።

ከሁሉ የከፋው ቀዩ ክንፍ ነው። በእያንዳንዱ ራይዘር ላይ ሁለት የፍሬን ፑሊ (የክንፉን የኋላ ጠርዝ የሚስበው የፍሬን ገመድ የሚያልፍበት መዘውር) አለ፤ በዚህ ክንፍ ላይ በመካከላቸው ያለው ርቀት 9 ሴንቲ ሜትር ነው። የላይኛው ፑሊ ማንጠልጠያው (ራይዘሩ የሚያያዝበት ነጥብ) ዝቅ ላለ ሞተር፣ የታችኛው ማንጠልጠያው ከፍ ላለ ሞተር ነው። የእኛ ሞተሮች ዝቅተኛ ማንጠልጠያ እንዳላቸው በርክክቡ ቅጽ ላይ ጽፈናል፤ ክንፉ ሲመጣም ገመዶቹ በላይኛው ፑሊ ነበር ያለፉት። ሲመለስ ሁለቱም በታችኛው አልፈው አገኘናቸው። ይህ ብቻውን እጀታውን ከሚገባው በታች ያወርደዋል፤ ክንዱ ገና በግማሽ ሳይወርድ ወገብ ላይ ይደርሳል። ይህም ቢሆን የጥፋቱ ትንሹ ክፍል ነው።

ፑሊ ከላይ ወደ ታች ሲቀየር ገመዱ በሁለቱ ፑሊዎች ርቀት ልክ መለቀቅ አለበት። ያለዚያ ልሉን፣ ማለትም ገመዱ ሳይወጠር የሚተርፈውን፣ ፑሊው ይበላዋል። ፋብሪካው እጀታው የሚታሰርበትን ቦታ ገመዱ ላይ በጥቁር ቀለም ያመለክታል። በግራ በኩል ቋጠሮው አሁንም ምልክቱ ላይ ነው፤ ፑሊው ተቀይሯል፣ ገመዱ ግን አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አልተለቀቀም። በቀኝ በኩል ቋጠሮው ከምልክቱ 3 ሴንቲ ሜትር አልፎ ወደ ገመዱ ጫፍ ሄዷል። አንድ ሰው ማስተካከል ጀምሮ፣ ስልክ ሲጠራበት ትቶት የሄደ ይመስላል።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። የአምራቹ መመሪያ ትሪመር (የኋላውን ራይዘር የሚያስረዝምና የሚያሳጥር ማስተካከያ) ተዘግቶ እጀታው ፑሊው ላይ ሲያርፍ ፍሬኑ 10 ሴንቲ ሜትር ልል እንዲኖረው ያዛል። አሁን በግራ 1፣ በቀኝ 4 ሴንቲ ሜትር ቀርቷል። በዚህ ክንፍ ላይ ትሪመሩ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት የኋላው ጠርዝ 8 ሴንቲ ሜትር ወደ ላይ ይወጣል፤ ፑሊው ግን ከትሪመሩ በታች ስለተሰፋ አብሮ አይወጣም። ስለዚህ ትሪመር ሲከፈት፣ እጀታውን ምንም ሳንነካ፣ ግራው ፍሬን 7፣ ቀኙ 4 ሴንቲ ሜትር ተስቦ ይቆያል። በትክክለኛው ልክ ቢሆን ኖሮ ትሪመር ተከፍቶም 2 ሴንቲ ሜትር ልል ይተርፍ ነበር።

ተራ ክንፍ ቢሆን ኖሮ ጉዳቱ የፍጥነት መቀነስና ወደ ግራ መጎተት ብቻ በሆነ። ሪፍሌክስ ግን ሌላ ነው። ትሪመር ሲከፈት የክንፉ ጅራት ወደ ላይ ይታጠፋል፣ የማንሻው ኃይል መሐል ወደ ፊት ይሄዳል፣ ጭነቱም አብዛኛው ከፊት ባሉት በኤ እና በቢ ገመዶች ላይ ይወድቃል። ክንፉ በፍጥነት እየበረረ አፍንጫው ወደ ታች እንዳይደፋ የሚጠብቀው ይህ የጅራት መታጠፍ ነው። ፍሬን ሲሳብ ጅራቱ ይወርዳል፤ የኃይሉ መሐል ወደ ኋላ ይመለሳል፤ አፍንጫው ይደፋል። በዚያ ፍጥነትና ክንፉ ከሚመጣው አየር ጋር በሚሠራው በዚያ ዝቅተኛ ማዕዘን ላይ ትንሽ ረብሻ ሲመጣ የፊት ጠርዙ ወደ ውስጥ ይታጠፋል። እናንተ የመለሳችሁልን ክንፍ ትሪመር በተከፈተ ቁጥር ራሱን በራሱ ፍሬን የሚስብ ክንፍ ነው።

በስልክ ስናስረዳ የተሰጠን መልስ «የሞተሩ ቶርክ ነው፤ ትሪመሩን ግራና ቀኝ አበላልጡትና ይስተካከላል» የሚል ነበር። ቶርክ ሰውየውን ከፕሮፔለሩ መዞሪያ በተቃራኒ ያጋድለዋል፤ ጋዝ ሲለቀቅ ግን አብሮ ይጠፋል። ቀዩ ክንፍ ወደ ግራ የሚሄደው ሞተሩ መኪና ውስጥ ተቀምጦ እያለ ነው። ሞተር የሌለበት ቶርክ እስካሁን አላየንም። ትሪመር ማበላለጥም አንዱን ስሕተት በሌላ መሸፈን ነው፤ የፍሬኑ ልዩነት እንዳለ ስለሚቆይ በዝግታ በረራ ላይ ሌላ መዘዝ ያመጣል። ሁለቱም እጆች እኩል ሲወርዱ ግራው ከቀኙ 3 ሴንቲ ሜትር ቀድሞ ይሳባል፤ ስለዚህ ስቶልም (ክንፉ ማንሳት የሚያቆምበት ሁኔታ) በግራ በኩል ቀድሞ ይደርሳል። ሙሉ ጋዝ ሰጥቶ፣ ፍሬን ጠልቆ ስቦ በዝግታ ለመውጣት የሚሞክር አብራሪ፣ የክንፉ ግማሽ ቆሞ ግማሹ ሲበርር ራሱን ያገኘዋል። ያ ደግሞ ስፒን ይባላል።

ሰማያዊው ክንፍ ላይ የግራውን የትሪመር ማሰሪያ በአዲስ ቀይራችሁ የቀኙን አሮጌ ትታችሁታል። የአዲሱ የዜሮ መስፊያ ከአሮጌው 2 ሴንቲ ሜትር ይለያል፤ ሁለቱን በምልክታቸው እኩል ብናደርጋቸውም ክንፉ እኩል አይሆንም። አሮጌው ደግሞ የዘለበቱ ጥርስ የሚነክስበት ቦታ ላይ ፀጉር አውጥቷል። 30 ኪሎ ሰቅለንበት በ10 ደቂቃ ውስጥ 1.5 ሴንቲ ሜትር ተንሸራተተ። የትሪመር ማሰሪያ ጥንድ ሆኖ እንደሚቀየር ለእናንተ መንገር አያስፈልግም ነበር።

ብርቱካናማው ላይ የእጀታዎቹ ማግኔቶች በደካማ ተተክተዋል። ራይዘሩን ሁለት ጊዜ ስናራግፈው እጀታው ወደቀ። የወደቀ እጀታ ጋዝ ሲሰጥ ወደ ኋላ ይሳባል፤ ገመዱን ወደ ኋላ ጎትተን ስንለካው የመከላከያ ቀለበቱን ዞሮ ፕሮፔለሩ ጋ ይደርሳል። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ታውቁታላችሁ፦ ፕሮፔለሩ ገመዱን ይጠቀልላል፣ ፍሬኑም እስከ መጨረሻው ይሳባል።

አሁን ከእያንዳንዱ ክንፍ ጋር ወዳስገባችሁት የአንድ ገጽ የአማርኛ ወረቀት እንምጣ። በአማርኛ መጻፉን እናደንቃለን፤ እንግሊዝኛውን እየዘለለ የሚበርር ሰው አለና ያስፈልጋል። ይዘቱ ግን ሰው ይጎዳል። ትሪመር ከፍታችሁም እንደ ወትሮው በፍሬን ታጠፉ ይላል። አይሆንም፤ ለምን እንዳይሆን ከላይ አስረድተናል። ትሪመር ሲከፈት ዋናው እጀታ ማግኔቱ ላይ ይመለሳል፤ መታጠፍ የሚቻለው በክንፉ ጫፍ መሪ እጀታና በሰውነት ክብደት ነው። የጫፍ መሪው የሚስበው የክንፉን ጆሮ ብቻ ስለሆነ የመሐሉን ጅራት አይነካም። ወደ ዋናው ፍሬን መመለስ የተፈለገ እንደሆነ አስቀድሞ ትሪመር ይዘጋል፣ ከዚያ እጀታ ይያዛል። ቅደም ተከተሉ አይገለበጥም።

ክንፉ ሲንቀጠቀጥ ሁለቱንም ፍሬን ስቦ መያዝ ይሻላልም ይላል። ይህ ሪፍሌክስ ከሌለው ክንፍ የተወሰደ ምክር ነው፤ እዚያ ትክክል ነው። ሪፍሌክስ ላይ ትሪመር ተከፍቶ ከሆነ እጅን መሰብሰብና ክንፉን መተው ነው። ስፒድ ባር (በእግር የሚረገጠው ማፍጠኛ) ተረግጦ ከሆነ መጀመሪያ እግር ይለቀቃል፣ ጋዝ ይቀነሳል፤ ክንፉ ከታጠፈም ከዚህ በኋላ ነው አቅጣጫ የሚያዘው።

ሦስተኛው ስሕተት ስለ ማረፍ ነው፤ ትሪመር ተከፍቶ ማረፍ «ቁልቁለቱን ያሳጥራል» ተብሏል። አጠገባችሁ ያለችው ዴንቨር ከባሕር ጠለል በላይ 1,609 ሜትር ላይ እንዳለች ዘንግታችኋል። በዚህ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ፣ ባሕር ጠለል ላይ በሰዓት 38 ኪሎ ሜትር የሚበርር ክንፍ በመደበኛ አየር እንኳ ወደ 41 ይደርሳል፤ በሐምሌ ከሰዓት ሙቀት ደግሞ ከዚያም ያልፋል። እግር የሚሮጠው በዚያ ፍጥነት ነው። ትሪመር ከፍቶ መምጣት በዚያ ላይ ሌላ ፍጥነት ይጨምራል፤ ለማቆም ፍሬን ሲሳብም አደጋው ከመሬት ጥቂት ሜትር ላይ ይመጣል። እኛ ቢያንስ 100 ሜትር ከፍታ ላይ ሳለን ትሪመር እንዘጋለን።

የምርመራ ሪፖርታችሁም አንድ ቃል ብቻ ነው፦ «አልፏል»። የጨርቁ አየር ማሳለፍ በስንት ሰከንድ ተለካ? የእያንዳንዱ ገመድ ርዝመት ከአምራቹ ሠንጠረዥ በስንት ሚሊ ሜትር ይለያል? ዳይኒማ ገመድ በአገልግሎትና በእርጥበት ያጥራል፤ ጭነት የሚያንሳቸው የኋላዎቹ በተለይ ያጥራሉ፣ ክንፉም ወደ ኋላ ተጋድሎ ለስቶል ይቀርባል። ይህን የሚያሳየው ልኬት ብቻ ነው፤ ማኅተም አያሳየውም።

አሜሪካ ውስጥ ፓራሞተር የሚተዳደረው በፓርት 103፣ በፌዴራሉ የአቪዬሽን ደንብ የቀላል በራሪዎች ክፍል፣ ነው። ባዶ ክብደቱ ከ254 ፓውንድ በታች፣ ነዳጁ ከ5 ጋሎን የማይበልጥ እስከሆነ ድረስ የአብራሪ ፈቃድም የአየር ብቁነት ማረጋገጫም አይጠየቅም። በእኛና በክንፉ መካከል የሚቆም የመንግሥት ተቆጣጣሪ የለም ማለት ነው። ያለው የእናንተ ጠረጴዛ ነው።

ስለዚህ የምንጠይቀው፦ ሦስቱ ክንፎች ያለ ተጨማሪ ክፍያ ዳግም ይመርመሩ፤ የቀዩ ገመዶች ወደ ላይኛው ፑሊ ይመለሱ፣ ቋጠሮዎቹም ምልክቱ ላይ ይታሰሩ፤ የሰማያዊው የትሪመር ማሰሪያዎች ሁለቱም በአምራቹ ዕቃ ይቀየሩ፤ የብርቱካናማው ማግኔቶችም እንደዚሁ። ከእያንዳንዱ ክንፍ ጋር በሚሊ ሜትር የተሞላ የገመድ ሠንጠረዥ እንፈልጋለን። የመጀመሪያው ምርመራ ክፍያ ይመለስልን። ከሁሉ አስቀድሞ ግን ያን ወረቀት ለተቀበለ ደንበኛ ሁሉ ደውላችሁ እንዳይጠቀምበት ንገሩት፤ በዚሁ ወር ከእናንተ ክንፍ የተረከበ ሁሉ ፍሬኑ በየትኛው ፑሊ እንዳለፈ ዛሬውኑ እንዲያይም አሳስቡት። ሚስማር፣ ሜትርና አምስት ደቂቃ ይበቃዋል።

መልሳችሁን በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ በጽሑፍ እንጠብቃለን። እስከዚያ ክንፎቹን ከከረጢት አናወጣም።

ከአክብሮት ጋር
የሦስቱ ክንፎች ባለቤቶች

አባሪ፦ የገመድ ልኬት ሠንጠረዥ 3 ገጽ፣ የቋጠሮዎቹና የፑሊዎቹ ፎቶግራፍ 8፣ የርክክብ ቅጾች ቅጂ፣ የመመሪያ ወረቀቱ ስሕተቶቹ በቀይ ተሰምሮባቸው