ቁመት ብቻ ለክቶ «ፈጣኑ እንዶድ» ማለት ምን ማለት ነው?

ለአዘጋጁ፣

የእንዶድ ዝርያዎችን ያወዳደረውን ዘገባችሁን አነበብኩት። ደጋግሜ ባየሁት ቁጥር ንዴቴ ባሰ። «የሂሳብ ሞዴል አረጋገጠ» ብላችሁ፣ በቀን ብዙ ሳንቲ ሜትር የጨመረውን ዝርያ አሸናፊ አድርጋችሁታል። ችግኞቹ ሲተከሉ ቁመታቸው ስንት ነበር? የትም ቦታ የለም። ለእናንተ ትንሽ ነገር መስሏችሁ ይሆናል፣ ግን ውድድሩ በሙሉ የቆመው እሱ ላይ ነው።

ለምሳሌ አንዱ ችግኝ በ30 ቀን ከ20 ወደ 40 ሳንቲ ሜትር ደረሰ እንበል። ሌላው ከ60 ወደ 90። በእናንተ አካሄድ ሁለተኛው አሸነፈ፣ 30 ሳንቲ ጨምሯላ! የመጀመሪያው ግን እጥፍ ሆኗል። የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ቀን ቁመት የተፈጥሮ ሎጋሪዝም ወስዳችሁ ልዩነቱን ለ30 ብታካፍሉት፣ የመጀመሪያው በቀን 2.3 በመቶ ገደማ፣ ሁለተኛው 1.35 በመቶ ገደማ አድገዋል። አሸናፊው ተገለበጠ ማለት ነው።

ደግሞ ተክል እስከ መጨረሻው በአንድ ፍጥነት አያድግም። መጀመሪያ ይዘገያል፣ ከዚያ ይመነጠቃል፣ በኋላ ይረጋል። ተመራማሪዎች የሂሳብ ሊቁ ቬርሁልስት በ1838 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ቁጥር ያወጣውን የሎጂስቲክ ቀመር ወይም የጎምፐርትዝን ኩርባ፣ ሁለቱም እንዲህ ያለውን አካሄድ የሚገልጹትን፣ ለዕድገት የሚጠቀሙት ለዚሁ ነው። ልኬቱ የቆመው አንዱ ዝርያ በሚመነጠቅበት፣ ሌላው ገና ሥር በሚሰድበት ጊዜ ከሆነ ያወዳደራችሁት ዝርያን ሳይሆን ዕድሜን ነው። የትኛው ሞዴል ነው? በየስንት ቀኑ ተለካ? የስህተት ህዳጉስ? «ሞዴል» የሚለውን ቃል ጽፎ ማለፍ ማስረጃ ይሆናል?

እንዶድ ለግንዱ ርዝመት ነው እንዴ የሚፈለገው? ተመራማሪው ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ያዩት፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች መሞታቸውን ነው። የቢልሃርዝያን ተሸካሚ ቀንድ አውጣ የሚገድለው ሳፖኒን የሚባል ንጥረ ነገር ያለው ፍሬው ውስጥ ነው። ከብዙ የእንዶድ ዓይነቶች መካከል ዓይነት 44 ተለይቶ የወጣውም በፍሬው ምርትና በፍሬው ኃይል ነበር እንጂ ረጅም ስለሆነ አይደለም። ቅጠልና ግንድ ላይ ጉልበቱን የጨረሰ ዝርያ ፍሬው ጥቂት ከሆነ ለገበሬው ምን ያደርግለታል? ስለ ፍሬ አንዲት ዓረፍተ ነገር አልጻፋችሁም።

የሚያንገበግበኝ ሌላም አለ። እኔ የችግኝ ጣቢያ ቴክኒሻን ነኝ። ሜትርና ደብተር ይዘን በፀሐይ በዝናብ የምንለካው እኛ ነን። ጥላ ያረፈበትን መደብ፣ ተባይ የበላውን ችግኝ፣ ዘግይቶ የተተከለውን ሁሉ ጎን ላይ እንጽፋለን። በሠራሁበት አንድ ቦታ የመነሻ ቁመቱ እኩል አይደለም ብዬ ብናገር አለቃዬ «አንተ ለካ፣ ሌላውን ለእኛ ተው» አለኝ። ያ የጎን ማስታወሻ ወደ ኮምፒውተር ሲገባ ተዘለለ። ዘገባችሁም «ባለሙያዎች» ሲል እኛን አይጨምርም፣ አንዳችንንም አልጠየቃችሁም። ብትጠይቁን ኖሮ የመነሻ ቁመቱን ከደብተር አውጥቶ የሚነግራችሁ አታጡም ነበር።

ማረሚያ አውጡ። የመነሻ ቁመቱን፣ ልኬቱ የተወሰደባቸውን ቀኖችና የፍሬውን ምርት በአንድ ሰንጠረዥ አትሙት። እስከዚያ ድረስ «ፈጣኑ» የሚለውን ርዕስ አንሱት፣ የእንዶድ ችግኝ ሊገዛ የሚያስብ ገበሬ ያነበዋልና።

አንድ የመስክ ቴክኒሻን