«ኮምፒውተሩ ሞቷል» ከማለት በፊት ቁልፉ ይታይ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

በመኪና ዓምዳችሁ ላይ፣ በኢሞቢላይዘር (ያልታወቀ ቁልፍ ሞተሩን እንዳያስነሳ በሚከለክለው የስርቆት መከላከያ) ምክንያት አልነሳ ላለ መኪና «የባትሪውን ገመድ ለሩብ ሰዓት ንቀሉ፤ ካልሆነ ኢሞቢላይዘሩን አስነቅሉ፤ እሱም ካልሆነ የሞተሩን ኮምፒውተር ቀይሩ» የሚል ምክር ወጥቷል። እኛ በመኪና ኤሌክትሪክ ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ነንና ይህን አንብበን ዝም ማለት አልሆነልንም። የመጀመሪያው ምክር አይሠራም፣ ሁለተኛው መኪናውን ለሌባ ያጋልጣል፣ ሦስተኛው አብዛኛውን ጊዜ ባልተበላሸ ዕቃ ምትክ ሌላ ያስገዛል።

ከባትሪው እንጀምር። የተመዘገቡ ቁልፎች መረጃ የሚቀመጠው ኃይል ቢቋረጥም በማይጠፋ ሜሞሪ ላይ ነው። ባትሪው ሩብ ሰዓት ቀርቶ ሳምንት ቢነቀል፣ የታወቀው ቁልፍ አይረሳም፣ ያልታወቀውም አይታወቅም። ገመዱ ተነቅሎ ሲመለስ አንዳንድ መኪና ይነሳል፤ እውነት ነው። የሚነሳው ግን ላልቶ ወይም ዝጎ የነበረው ክላምፕ (የባትሪው ገመድ ማሰሪያ) ሲፈታና ሲጠብቅ ግንኙነቱ ስለሚሻሻል፣ አለዚያም ደርቆ የቆመ ሞጁል (የኤሌክትሮኒክስ መቆጣጠሪያ ሳጥን) እንደ አዲስ ስለሚጀምር ነው። ብልሽቱ እዚያው ተቀምጧል፤ ነገ ወይም ከነገ ወዲያ ይመለሳል።

አሠራሩን በአጭሩ ብናስቀምጥ ለቀሪው ይረዳል። በቁልፉ ራስ ውስጥ የራሱ ባትሪ የሌለው ትንሽ ቺፕ አለ። በቁልፍ ማስገቢያው ዙሪያ ያለው የአንቴና ቀለበት በአብዛኛው በ125 ኪሎኸርዝ፣ በአንዳንዱ መኪና በ134.2 ኪሎኸርዝ፣ መግነጢሳዊ ሞገድ ይለቃል፤ ቺፑ ከዚያ ሞገድ ኃይል ወስዶ መልሱን ይልካል። ኢሞቢላይዘሩ መልሱን አጣርቶ ልክ ሆኖ ሲያገኘው ለሞተሩ ኮምፒውተር ፈቃድ ያስተላልፋል፣ ኮምፒውተሩም ነዳጅና እሳት ይለቃል። ይህ ሁሉ ከዓይን ጥቅሻ ያልበለጠ ጊዜ ይወስዳል። እንግዲህ ብልሽቱ ከቺፑ፣ ከቀለበቱ፣ ከኢሞቢላይዘሩ፣ ከኮምፒውተሩ፣ እነሱን ከሚያገናኘው ሽቦ ወይም ለሁሉም ከሚመጣው ኤሌክትሪክ ውጭ ሊሆን አይችልም። በር የሚከፍተው ሪሞት እዚህ ውስጥ የለበትም። እሱ በራሱ ባትሪ፣ ብዙውን ጊዜ በሲአር2032፣ በ315 ወይም በ433 ሜጋኸርዝ የሚሠራ ሌላ መስመር ነው። በሩ በሪሞት ተከፈተ ማለት ቺፑ ደህና ነው ማለት አይደለም፤ የሪሞቱ ባትሪ አለቀ ማለትም ሞተሩ አይነሳም ማለት አይደለም። በቁልፍ ሳይሆን በአዝራር የሚነሱትም ቢሆኑ የሪሞት ባትሪ ሲያልቅ ለቺፑ የተዘጋጀ ቦታ አላቸው። በብዙ ቶዮታዎች ሪሞቱን አርማው ወዳለበት ወገን አዙሮ ማስነሻ አዝራሩን ማስነካት ይበቃል።

አሁን ጥያቄው፣ ጥፋተኛው በእርግጥ ኢሞቢላይዘሩ ነው ወይ? ዳሽቦርዱ ላይ ያለው የቁልፍ ወይም የመኪና ምልክት ይነግረናል። በቶዮታ ቁልፉ ሲወጣ ብልጭ ድርግም ማለቱ ጤና ነው፤ ዘብ ቆሜያለሁ ማለቱ ነው። ቁልፉ ገብቶ ኦን ላይ ሆኖ መብራቱ ካልጠፋ ግን ቁልፉ አልታወቀም። የመቆለፊያው አኳኋንም እንደየፋብሪካው ይለያያል። የፎልክስዋገን ቤተሰብ ተነስቶ በአንድ ሁለት ሰከንድ ይጠፋል፣ ቶዮታው ሞተሪኖው (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው) እያዞረ እሳት አይዝም፣ ሞተሪኖው ጭራሽ እንዳይዞር የሚከለክሉም አሉ። መብራቱ በወጉ ጠፍቶ ሞተሪኖውም በደንብ እያዞረ መኪናው ካልተነሳ፣ ኢሞቢላይዘሩን ተዉትና የነዳጅ ፖምፓውን፣ ሪሌውን (ኤሌክትሪኩን የሚያገናኝና የሚያቋርጥ ማብሪያ) እና የክራንክ ሴንሰሩን (የሞተሩን መዞር ለኮምፒውተሩ የሚነግረውን) ፈልጉ። በክራንክ ሴንሰር ጥፋት የተፈረደበት ኢሞቢላይዘር ቁጥር ስፍር የለውም።

መብራቱ ጥፋተኛ ካለው፣ መፍቻ ከማንሳት በፊት ሁለተኛው ቁልፍ ይሞከር። በሁለተኛው ከተነሳ ነገሩ አለቀ፤ ችግሩ ቁልፉ ላይ ነው። ሁለተኛ ቁልፍ ከሌለ ያለውን ከመያዣው ቀለበት አውጥቶ ብቻውን መሞከር ነው። ሁለት ቺፕ ያላቸው ቁልፎች አብረው ከተንጠለጠሉ መልሳቸው ይደበላለቃል፤ በቁልፉ ራስ ላይ የተጋደመ ብረትም ሞገዱን ያዳክማል። እጅግ የተለመደው ግን ሌላ ነው፦ የቁልፍ ሽፋን ቅያሪ። አሮጌው ሽፋን ሲከፈት ቺፑ በግድግዳው ላይ በተሠራች ትንሽ ጎድጓዳ ውስጥ ተወሽቆ ይገኛል። አንዳንዱ ጥቁር፣ ከጥፍር ያነሰ የካርቦን ቁራጭ ነው፤ ሌላው 12 ሚሊ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ቀጭን የመስታወት ብልቃጥ ነው። ሪሞቱ ወዳለበት የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ብቻ የሚያይ ሰው ይህቺን ቁራጭ ከአሮጌው ሽፋን ጋር ይጥላታል። አዲሱ ቁልፍ በር ይከፍታል፣ ይዞራል፣ መኪናው ግን አይነሳም። መስታወቱ ደግሞ በመውደቅ ብቻ ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ስንጥቁን ለማየት አጉሊ መነጽር ያስፈልጋል። ከተሰነጠቀ ጥገና የለውም፣ አዲስ ቺፕ ይመዘገባል።

ከቁልፉ ቀጥሎ ኤሌክትሪኩ ነው፤ ብዙ ጊዜና ገንዘብ በከንቱ የሚፈሰውም እዚህ ላይ ነው። ያረፈ ጤነኛ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል፤ 12.2 ካሳየ ግማሹ ወጥቷል። ይህ ንባብ ብቻውን ግን አያስተማምንም። መልቲሜትሩ (የኤሌክትሪክ መለኪያው) ባትሪው ላይ እንዳለ ሞተር ይዙር፤ ከ9.6 ቮልት በታች ከወረደ ባትሪው ደክሟል ወይም ክላምፑ በደንብ አልያዘም። ቮልቴጁ ወደ 9 እና ከዚያ በታች ሲወርድ ሞጁሎቹ እርስ በርስ መነጋገር ሊያቆሙ ይችላሉ። ያኔ የኢሞቢላይዘሩ መብራት ይበራል፣ ስካነሩም (ከመኪናው ኮምፒውተሮች የብልሽት ኮድ የሚያነበው መሣሪያ) «ግንኙነት የለም» የሚል ኮድ ይዞ ይወጣል፤ ባለቤቱም ኮምፒውተር እንዲገዛ ይነገረዋል። የሞተው ባትሪው ነበር።

ማሳን (ወደ ባትሪው ነጌቲቭ የሚመልሰውን የኤሌክትሪክ መስመር) ደግሞ በኦም፣ ማለትም በሽቦ ተቃውሞ፣ መለካት ራስን ማታለል ነው። ከሽቦው ክሮች አንዷ ብቻ ብትቀር ኦም መለኪያው ደህና ነው ይላል፤ ጭነት ሲመጣ ያቺ አንዲት ክር አትችለውም። ትክክለኛው መንገድ ይህ ነው። የመልቲሜትሩ ጥቁር ጫፍ በባትሪው የነጌቲቭ ምሰሶ ላይ (ክላምፑ ላይ ሳይሆን ራሱ ምሰሶው ላይ) ይደረጋል። ቀዩ ጫፍ በኢሞቢላይዘሩ የማሳ ሽቦ ላይ ከሶኬቱ ጀርባ በቀጭን መርፌ ይገባል። ሶኬቱ እንደተሰካ፣ ቁልፉ ኦን ላይ ሆኖ ይነበባል፤ ከዚያ ሞተሪኖው እያዞረ ይደገማል። ከ0.1 ቮልት ካለፈ ማሳው ታሟል፤ የታሰረበት ብሎን ተፈትቶ ቀለሙና ዝገቱ እስከ ንጹሕ ብረት ድረስ ይፋቅ። በፖዘቲቩ በኩል ፊውዙን በዓይን አይቶ መፍረድ አይገባም፤ ጭነት እያለ በሁለቱም ወገን ቮልቴጅ መኖሩ ይለካ።

ቀለበቱን በተመለከተ፣ ሁለት ሽቦ ብቻ ያለው ተራ ጥቅል ከሆነ ሶኬቱ ተነቅሎ በኦም ይለካል። ጥቂት ኦም ወይም ጥቂት አሥሮች ኦም ካሳየ ደህና ነው፤ ምንም ካላሳየ ተበጥሷል። ሲለካ መሪው ከፍና ዝቅ ይደረግ፤ ሽቦው ሲታጠፍ ብቻ የሚበጠስ አለና። ሦስት፣ አራትና ከዚያ በላይ ሽቦ ያለው ቀለበት በውስጡ ማጉያ ሊኖረው ስለሚችል በኦም አይፈረድበትም። የዚህኛው ምርመራ ኃይሉ (እንደየሞዴሉ 5 ወይም 12 ቮልት) እና ማሳው መድረሱን ማየት ነው። ቀለበቱ ሞገድ የሚለቀው ቁልፍ ሲገባ ወይም ኦን ሲደረግ ለቅጽበት ብቻ ስለሆነ፣ በመልቲሜትር አይቶ «አይሠራም» ማለት አይቻልም፤ ሞገዱን በስክሪን የሚያሳይ ኦሲሎስኮፕ ያስፈልጋል።

ስካነር ያለው ሰው ከኮዱ ይልቅ የቀጥታ ንባቡን ቢያስቀድም ብዙ ድካም ይቀርለታል። በ2ኛውና በ3ኛው ትውልድ የፎልክስዋገን ኢሞቢላይዘር፣ በዳሽቦርዱ ሞጁል የንባብ ቡድን 22 ውስጥ አራት ቁጥሮች ይወጣሉ፦ ለመነሳት ተፈቅዷል ወይ፣ የሞተሩ ኮምፒውተር መልሷል ወይ፣ ቁልፉ ልክ ነው ወይ፣ ስንት ቁልፍ ተመዝግቧል። 1 አዎ ነው፣ 0 አይደለም። ቁልፉ 0 ከሆነ ወደ ቺፑና ቀለበቱ መሄድ ነው። ቁልፉ 1 ሆኖ የኮምፒውተሩ መልስ 0 ከሆነ፣ ቁልፉን መነካካት ትርፉ ድካም ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለው ሽቦ ይታይ። በቶዮታ ቢ2795 ቺፑ ተነቧል ግን አልተመዘገበም ማለት ነው፣ ቢ2796 ከቁልፉ ምንም መልስ አልመጣም፣ ቢ2797 መልሱ ተደበላልቋል (ያኔ የተንጠለጠሉትን ሌሎች ቁልፎች አስታውሱ)፣ ቢ2799 ደግሞ በኢሞቢላይዘሩና በሞተሩ ኮምፒውተር መካከል ያለ ችግር ነው። በኒሳን ፒ1610 ከወጣ ሥርዓቱ በተደጋገመ የተሳሳተ ሙከራ ራሱን ቆልፏል። በብዙዎቹ ሞዴሎች የተመዘገበ ቁልፍን ኦን ላይ 5 ሰከንድ፣ ኦፍ ላይ 5 ሰከንድ እያደረጉ ሦስት ዙር መድገም ይከፍተዋል።

ስካነሩ ጭራሽ ካልተገናኘ፣ በኦቢዲ ሶኬቱ (ስካነሩ የሚሰካበት) 16ኛ ፒን ላይ የባትሪ ቮልቴጅ፣ በ4 እና በ5 ላይ ማሳ መኖሩ ይረጋገጥ። ካን መስመር (ሞጁሎቹ የሚነጋገሩበት ጥንድ ሽቦ) ባላቸው መኪኖች ባትሪው ተነቅሎ በ6 እና በ14 መካከል 60 ኦም ያህል መነበብ አለበት። 120 ከሆነ አንዱ ጫፍ ተቆርጧል፤ ወደ 0 ከቀረበ ሁለቱ ሽቦዎች ተነካክተዋል።

ከዳሽቦርዱ ሥር በኋላ የተገጠመ አላርም ካለ እሱን መጀመሪያ መጠርጠር አያሳፍርም። የሞተሪኖውን ወይም የፖምፓውን መስመር በሪሌ ይቆርጣል፤ የሪሌው መገናኛ ሲቃጠል የፋብሪካው ኢሞቢላይዘር በሌለበት ይከሰሳል። ሽቦውን ሳይልጡ ነክሰው የሚይዙት ፈጣን ማገናኛዎች ደግሞ ውሎ አድሮ ይላላሉ፤ ወጥተው በብየዳና በሙቀት በሚሸበሸብ ሽፋን ይተኩ። ከፊት መስታወቱ ማጣበቂያ የሚሾልክ ውኃም ሞጁል ውስጥ ይገባል። አረንጓዴ ዝገት ፒኖቹ ላይ ከታየ በ99 በመቶ አይሶፕሮፒል አልኮል ተጠርጎ በደንብ ሳይደርቅ ኃይል አይሰጠው።

ይህ ሁሉ ታይቶ ኮምፒውተሩ በእርግጥ ከተበላሸ እንኳ፣ ከሌላ መኪና የወጣ ኮምፒውተር የዚያን መኪና መለያ ይዞ ስለሚመጣ እንዲሁ ተሰክቶ አይሠራም። ወይ ከራሱ ኢሞቢላይዘርና ቁልፍ ጋር ሙሉው ይገጠማል፣ ወይ ይላመዳል። በብዙ ቶዮታዎች የኦቢዲውን 4ኛና 13ኛ ፒን አገናኝቶ ቁልፉን ኦን ላይ ለ30 ደቂቃ መተው ኮምፒውተሩን ከነባሩ ኢሞቢላይዘር ጋር ያስተዋውቃል፤ ቁልፍ ግን አይመዘግብም። በማንኛውም ምዝገባ ወቅት ቮልቴጁ እንዳይዋዥቅ የተረጋጋ ኃይል ሰጪ ይታሰር፣ ሜሞሪው ከመነካቱ በፊት ቅጂው ይቀመጥ። ፒን ኮድ (ለምዝገባ የሚጠየቀውን የምስጢር ቁጥር) በግምት መሞከር ክልክል ነው፤ ፎልክስዋገን በእያንዳንዱ የስህተት ዙር የሚያስጠብቀውን ጊዜ ያረዝማል።

ስለ ማስነቀሉ አንድ ነገር ብቻ እንበል። የአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከ1998 ጀምሮ በአዲስ መኪኖች ላይ ኢሞቢላይዘርን ግዴታ ያደረጉት ለጌጥ አይደለም (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። አሜሪካ ግዴታ ስላላደረገችው በዚያ ገበያ ያለ ኢሞቢላይዘር የተሸጡ በርካታ የሂዩንዳይና የኪያ ሞዴሎች ከ2021 ወዲህ የሌቦች መፈንጫ ሆኑ፤ አምራቾቹም በ2023 የሶፍትዌር ማስተካከያ በነፃ ለማደል ተገደዱ። ዓምዳችሁ አንባቢው ይህን ጥበቃ በገዛ እጁ እንዲያስወግድ መምከሩ ግራ የሚያጋባ ነው።

እርማት የምታወጡ ከሆነ፣ አንባቢው ወደ ባለሙያ ሲሄድ ምን ይዞ እንደሚሄድ ብትጽፉለት ይጠቅመዋል፦ ያሉትን ቁልፎች በሙሉ (በብዙ መኪኖች ምዝገባ ሲካሄድ በቦታው ያልነበረ ቁልፍ ይሰረዛል)፣ የባለቤትነት ሰነዱን፣ ሽፋን ቀይሮ ከሆነም አሮጌውን ሽፋን ከነሆዱ።

ከአክብሮት ጋር
የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያዎች