«ያለ ፍርድ ቤት ፈቃድ ማንም አይጠለፍም» ላላችሁት

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው ሳምንት ስለ ስልክ ጠለፋ የጻፋችሁትን ዘገባ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ዓይኔን አላመንኩትም ነበር። «በአገራችን ሕግ ያለ ፍርድ ቤት ፈቃድ የማንም ሰው ግንኙነት አይጠለፍም» ይላል። ይሄ ልክ አይደለም!

እኔ ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ ማመልከቻ እየጻፍኩ ነው የምኖረው። አዋጅ ማገላበጥ እንጀራዬ ነው። በ2008 የወጣውን የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958ን ክፈቱት። አንቀጽ 25 ለጠለፋ የፍርድ ቤት ፈቃድ ይጠይቃል፤ እዚህ ድረስ ትክክል ናችሁ። ንዑስ አንቀጽ 3ን ግን ዘላችሁታል። በቁልፍ መሠረተ ልማት ላይ ጉዳት የሚያደርስ ወንጀል ነው፣ ጉዳዩም አስቸኳይ ነው ከተባለ፣ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ (መሥሪያ ቤቱ በ2014 በፍትሕ ሚኒስቴር ተተክቷል) ራሱ መፍቀድ ይችላል ይላል አዋጁ። ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ምክንያቱን የሚያቀርበው በ48 ሰዓት ውስጥ ነው። ሁለት ቀን ሙሉ! አንቀጽ 24ም አለ። ማን ከማን ጋር መቼ እንደተገናኘ የሚያሳየው መረጃ ቢያንስ ለአንድ ዓመት ይቀመጣል። ይህንንም አላነሳችሁትም።

ጠበቃ አናግራችኋል፣ ባለሥልጣን አናግራችኋል። ንግግሩ የተሰማበትን ሰው ግን ማን ጠየቀው?

ከዓመታት በፊት ለጥያቄ ተጠርቼ ነበር። መርማሪው ወረቀት ገለጥ ገለጥ አደረገና ከእህቴ ጋር በስልክ ያወራሁትን አነበበልኝ። የምናወራው ስለ እናታችን የኩላሊት ሕመም ነበር። እህቴ ሆድ ብሷት ዝም ያለችበት ቦታ ላይ በቅንፍ «ታለቅሳለች» ተብሎ ተጽፏል። ያቺን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳኋትም። ይሄን ማን ፈቀደ? ወረቀቱስ አሁን የት ነው ያለው? ብዬ ጠየቅኩ፤ የመለሰልኝ የለም። እህቴ ከዚያ ወዲህ ስትደውል «ደህና ነን፣ ደህና ናችሁ?» ብላ ትዘጋዋለች።

ደንበኞቼም እንደዚያው ናቸው። ጉዳያቸውን ከመንገራቸው በፊት ስልካቸውን አጥፍተው ከኮፒ ማሽኑ ጀርባ ያስቀምጣሉ። የሚያወሩት ስለ ፍቺ ነው፣ ስለ አጥር ክርክር ነው።

ወንጀለኛ አይመርመር አላልኩም። ፈንጂ የሚያጠምድ ሰው ካለ ይጠለፍ፤ ግን ዳኛ ይፍቀድ። ዳኛ ሌሊትም ተረኛ መሆን ይችላል። ምርመራው ሲያልቅና ክስ ሳይኖር ሲቀር ደግሞ ሰውየው ይነገረው፣ ወረቀቱም ይቃጠል። በዓመት ስንት የጠለፋ ጥያቄ ቀረበ፣ ስንቱ ተፈቀደ፣ ስንቱ ውድቅ ሆነ የሚለውም ለሕዝብ ይውጣ። የማንንም ስም አልጠየቅንም፤ ቁጥሩ ይበቃናል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የስልክ ንግግራችን አይደፈርም ይላል። መከበሩን በምን እናውቃለን ታዲያ?

እርማቱን ዘገባው በወጣበት ቦታ፣ በዚያው ፊደል መጠን አውጡልን። ንዑስ አንቀጽ 3ንም ሙሉውን አትሙት። ጋዜጠኛችሁ ሊያናግረኝ ከፈለገ ደስ ይለኛል፤ በአካል ይምጣ።

ማመልከቻ ጸሐፊው፣ ከልደታ፣ አዲስ አበባ