ጉዳዩ፦ 30 አምፔር ነው ብላችሁ ስለሸጣችሁልኝ የፓምፕ ማብሪያ ማጥፊያ ሪሌይ

ሜክሲኮ ላለው የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ መሸጫ ሱቃችሁ ኃላፊ

ጤና ይስጥልኝ። ሁለቴ በአካል መጥቼ ሶስቴ ደውዬ የሚሰማኝ ስላጣሁ ነው አሁን የምጽፍላችሁ፣ እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

እኔ ቱሉ ዲምቱ ከእናቴ ጋር ነው የምኖረው። እኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው፣ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ደግሞ ሌሊት ነው፣ ቢመጣም ግፊት ስለሌለው ላይ ያለው ሮቶ ድረስ አይወጣም፣ መጀመሪያ ታች ያለው ታንከር ውስጥ ይገባና ከዛ በፓምፕ ነው የሚገፋው። ይሄን ሁሉ ዓመት ሌሊት 8 ሰዓት 9 ሰዓት ላይ ቆጣሪው በአየር ማፏጨት ሲጀምር ሰምታ ጋቢዋን ደርባ ወጥታ ፓምፑን የምታበራው፣ ሮቶው እስኪሞላ ብርድ ላይ ቆማ ጠብቃ የምታጠፋው እማዬ ነበረች። 71 ዓመቷ ነው፣ ጉልበቷን ያማታል። እኔ ደግሞ ስራዬ አዳማ ስለሚያመላልሰኝ ሳምንቱን ግማሽ ቤት አላድርም።

ለዚህ ብዬ ነው ቁጭ ብዬ ተምሬ ራሴ የሰራሁት። አንድ ኢኤስፒ 32 የሚባል ትንሽ መቆጣጠሪያ ቦርድ፣ ሮቶው ክዳን ስር ውሃው የት እንደደረሰ በድምፅ ሞገድ የሚለካ ውሃ የማያስገባ የአልትራሳውንድ ሴንሰር፣ ታች ታንከሩ ውስጥ ውሃ ማለቁን የሚያሳውቅ ተንሳፋፊ ፍሎት ስዊች፣ ሳሎን ደግሞ ራስቤሪ ፓይ በሚባል ትንሽ ኮምፒውተር ላይ ሆም አሲስታንት የሚባለውን የቤት ዕቃ መቆጣጠሪያ ፕሮግራም ጫንኩ። ሆም አሲስታንትን የመረጥኩት ቤት ባለው ዋይፋይ ብቻ መስራት ስለሚችል ነው፣ ኢንተርኔት ቢቋረጥም ስራው አይቆምም። መብራት ሄዶ ሲመጣ ቮልቴጁ እስኪረጋጋ ብዬ ፓምፑ 5 ደቂቃ እንዲጠብቅም አድርጌዋለሁ። የቀረኝ ፓምፑን ራሱን የሚያበራና የሚያጠፋው ሪሌይ ብቻ ነበር፣ እሱን ልገዛ ነው እናንተ ጋ የመጣሁት።

የጠየቅኩትን ቃል በቃል አስታውሳለሁ። «ፓምፑ ባለ 1 ሆርስ ፓወር ነው፣ ይሄ ይችለዋል ወይስ ኮንታክተር ልጨምር?» አልኩ፣ ኮንታክተር ማለት ለሞተር የሚሆን ከባድ ማብሪያ ማጥፊያ ነው። ሻጩ ልጅ ካርቶኑ ላይ ያለውን ስቲከር አሳይቶኝ «30 አምፔር ነው እኮ እህቴ፣ ኮንታክተር ምን ያደርግልሻል፣ ስጋት አይግባሽ» አለኝ። አምኜው 2,850 ብር ከፍዬ ወጣሁ፣ ደረሰኙ እጄ ላይ ነው።

19 ቀን ሰራ። በ20ኛው ሌሊት አዳማ ነበርኩ፣ ስልኬ ላይ ሮቶው 98 ፐርሰንት ሞልቷል፣ ፓምፑ ጠፍቷል የሚል መልዕክት መጣልኝ፣ ደስ ብሎኝ ተኛሁ። ፓምፑ ግን አልጠፋም ነበር። ቦርዱ አጥፋ ብሎ አዝዟል፣ ሪሌዩ ውስጥ ያሉት ሁለቱ መገናኛ ብረቶች ግን እርስ በርስ ተበይደው ስለነበር የሚላቀቁ አልሆኑም። ሮቶው ሞልቶ በትርፍ ማስወጫው ቱቦ ሲፈስ፣ ታች ያለው 3,000 ሊትር ታንከር በሙሉ፣ የሳምንቱ ውሃችን ማለት ነው፣ በጣሪያው ላይ ወርዶ ዲች ገባ። ታንከሩ ሲያልቅ ደግሞ ፓምፑ ያለ ውሃ ደረቁን እስኪነጋ ዞረ። ብሬከሩስ ለምን አላጠፋውም ብላችሁ ጠይቃችሁኝ ነበር፣ ብሬከር የሚወርደው ከልኩ በላይ ከረንት ሲስብ ነው፣ ደረቁን የሚዞር ፓምፕ ደግሞ እንደውም ያነሰ ነው የሚስበው፣ ስለዚህ አልወረደም። ጠዋት እማዬ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸትቷት ስትወጣ ውሃ እንዳያፈስ የሚዘጋው የፓምፑ ሲል ቀልጦ፣ ዳይናሞው ከሙቀቱ የተነሳ አይነካም ነበር። ደውላ ያለችኝ «ተይው ልጄ፣ እኔው እነሳለሁ» ነው። ይሄን ስሰማ ምን እንደተሰማኝ ልነግራችሁ አልችልም።

ሪሌዩን የከፈትኩት ከዛ በኋላ ነው። ከውጪ ስቲከሩ 30 አምፔር ይላል፣ ውስጡ ያለችው ሰማያዊ ሪሌይ ላይ ግን በግልጽ 10 አምፔር 250 ቮልት ተብሎ ተጽፏል። 10ሩም ቢሆን እንደ ምድጃ ላለ ጭነት ነው እንጂ ለሞተር አይደለም። 1 ሆርስ ፓወር 746 ዋት ነው፣ የሚባክነው ተጨምሮ በ220 ቮልት ሲሰራ 5 አምፔር አካባቢ ይስባል፣ ሲነሳ ግን ለቅጽበት የዛን አምስት ስድስት እጥፍ ይስባል። እንግዲህ በተነሳ ቁጥር 25 እና 30 አምፔር በዛች ሪሌይ ውስጥ እያለፈ ነው 19 ቀን የቆየው። ዕቃው አላግባብ አልተያዘም፣ ሲሸጥልኝ ነው የተዋሸኝ።

ሱቃችሁ ስመጣ የተሰጠኝ መልስ «ከፍተሽዋል፣ ዋስትና የለውም» የሚል ነው። ሳልከፍተው 10 አምፔር መሆኑን በምን ላውቅ ነበር? የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት ትክክለኛና በቂ መረጃ የማግኘት መብት አለው ይላል፣ እኔ ያገኘሁት የተሳሳተ ስቲከርና የተሳሳተ መልስ ነው። አብሬ የገዛኋቸው ሶስት የመብራት ስማርት ስዊቾችም ያለ ኢንተርኔት ይሰራሉ ተብለው ነበር፣ ኢንተርኔት ሲቋረጥ ከስልኬ ለትዕዛዝ አይመልሱም፣ እነሱን ግን ለጊዜው ልተወው።

ፓምፑን የሞተር ሽቦ የሚጠቀልሉ ባለሙያዎች ጋ ወስጄ ሲሉን ጨምሮ 5,200 ብር ወጥቶበታል። አሁን ኮንታክተርና ሞተሩ ከልኩ በላይ ሲስብ የሚያጠፋ ኦቨርሎድ አስገብቻለሁ፣ ፍሎት ስዊቹንም ኮንታክተሩን ከሚያበራው ኮይል ጋር በቀጥታ አያይዤዋለሁ፣ ሪሌይ ቢጣበቅ እንኳን ታንከሩ ሲያልቅ ፓምፑ ይቆማል። ይሄንን መጀመሪያ ኮንታክተር ልጨምር ወይ ስላችሁ አዎ ብትሉኝ ኖሮ ያኔውኑ አደርገው ነበር።

የምጠይቃችሁ የሪሌዩን 2,850 እና የጥገናውን 5,200 ብር እንድትመልሱልኝ ነው። ከገንዘቡ በላይ ግን የሚያስጨንቀኝ መደርደሪያችሁ ላይ ያሉት ሌሎቹ ናቸው፣ ባለፈው ስመጣ ያው ስቲከር ያለባቸው ቆጥሬ ሰባት አይቻለሁ። የእንጀራ ምጣድ 3,500 ዋት አካባቢ ነው፣ ይሄ 16 አምፔር ማለት ነው፣ 30 ይችላል ተብሎ የገዛ ሰው ምጣድ ላይ ቢያስገባው የሚቃጠለው ፓምፕ ሳይሆን ቤት ነው። እባካችሁ ዛሬውኑ አውርዷቸው፣ የሸጣችሁላቸው ሰዎች ስልክ ካላችሁም ደውሉላቸው።

የተከፈተውን ሪሌይ፣ የካርቶኑንና የደረሰኙን ፎቶ በቴሌግራም ልኬላችኋለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ዕቃውን ይዤ እመጣለሁ፣ መወሰን የሚችል ሰው እንዲጠብቀኝ አድርጉልኝ።

ደንበኛችሁ፣ ከቱሉ ዲምቱ