ለደንበኞቻችን፦ አፕዴት ሲጫን ሲስተሙ እንዳይቆም ስለምናስገባው የዳታቤዝ ፕሮክሲ

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣
ጅማ

አፕዴት በራሱ በሚጫንበት ሰዓት ሽያጭ መመዝገብ ለደቂቃዎች እንደሚቆምና «ቱ ሜኒ ክላየንትስ ኦልሬዲ» (ተገናኚው ከልክ በላይ በዝቷል) የሚል መልእክት እንደሚመጣ ነግራችሁናል። በከተማችን ሲስተም ሲቆም ጣት ቶሎ የሚቀሰረው መብራትና ኔትወርክ ላይ ነው፤ በዚህኛው ግን ሁለቱም የሉበትም።

መረጃችሁ የሚቀመጥበት ዳታቤዝ፣ ፖስትግሬስ፣ ቅንብሩ ካልተነካ በአንድ ጊዜ የሚቀበለው 100 ግንኙነት ነው። 3ቱ ለዋናው አስተዳዳሪ የተያዙ ስለሆኑ ለሌላው 97 ይቀራል። ፕሮግራማችን በ6 ፕሮሰስ (ጎን ለጎን በሚሄዱ የፕሮግራሙ ቅጂዎች) ይሠራል፤ እያንዳንዱ እስከ 10 ስለሚከፍት 60 ይደርሳል። አፕዴት ሲመጣ አዲሱ ቨርዥን ተነስቶ መሥራቱ እስኪረጋገጥ አሮጌው ስለማይዘጋ 60ው 120 ይሆናል፤ ከ97 ስለሚያልፍም መልእክቱ ይመጣል። 100ውን ወደ 300 ከፍ አድርጉልን ያላችሁ አላችሁ። ፖስትግሬስ ለእያንዳንዱ ግንኙነት ራም የሚወስድ የራሱን ፕሮሰስ ስለሚያስነሳ፣ 4 ወይም 8 ጊጋባይት ራም ባለው የሱቅ ሰርቨር ላይ አንመክረውም።

ስለዚህ በፕሮግራሙና በዳታቤዙ መሀል ፒጂባውንሰር የተባለውን ፕሮክሲ (አገናኝ ፕሮግራም) እናስገባለን። ሥራው የታክሲ ተራ አስከባሪ ዓይነት ነው። ፕሮግራሙ በ6432 ፖርት (የመግቢያ በር ቁጥር) ያገኘዋል፤ እሱ ጥቂት ግንኙነቶችን በአንድ ቋት («ፑል») ይዞ በ5432 ከዳታቤዙ ጋር ይሠራል። ግንኙነት ያጣ ጥያቄ ስህተት በመመለስ ፈንታ ወረፋ ይይዛል።

ተጭኖም ለውጥ የማይታየው አብዛኛውን ጊዜ «ፑል ሞድ» (ግንኙነት መቼ እንደሚለቀቅ የሚወስነው ቅንብር) እንደመጣ «ሴሽን» ላይ ሲተው ነው፤ ፕሮግራሙ እስኪወጣ ድረስ ግንኙነቱ አይለቀቅምና። «ትራንዛክሽን» እናደርገዋለን፤ ያኔ አንድ ሥራ፣ ለምሳሌ አንድ ሽያጭ መመዝገብ፣ እንዳለቀ ግንኙነቱ ይለቀቃል። ፕሮክሲው በአንዴ የሚቀበለው የተገናኚ ብዛት («ማክስ ክላየንት ኮን»)ም ከ100 ወደ 400 ይወጣል።

ትራንዛክሽን ሞድ ግን ዋጋ ያስከፍላል። የመርካቶው ቅርንጫፍ ሲገናኝ «ሰርች ፓዝ»ን (መረጃ የት እንደሚፈለግ የሚያመለክተውን ቅንብር) ወደ ራሱ ስኪማ (በዳታቤዙ ውስጥ ወዳለው የራሱ ክፍል) ያዞራል እንበል። ሥራው ሲያልቅ ግንኙነቱ እንደዞረ ወደ ፑሉ ይመለሳል። ቀጥሎ ያንኑ የሚያገኘው የፈረንጅ አራዳው ቅርንጫፍ የራሴ ክምችት ብሎ የሚያየው የመርካቶውን ነው። ምንም የስህተት መልእክት የለም፤ የሚታወቀው ቆጠራ ሲደረግ ነው። ከሁሉ የምንፈራው ይህንን ስለሆነ ለየቅርንጫፉ የተለየ ዩዘር ከፍተን ሰርች ፓዙን በ«ኦልተር ሮል» ትእዛዝ ዩዘሩ ላይ እናስራለን። ፑል ደግሞ የሚቆጠረው በዩዘርና በዳታቤዝ ጥንድ ነው። 6 ቅርንጫፍ ካለ በተለመደው የአንድ ፑል መጠን 20 ሲባዛ ተመልሶ 120 ይመጣል! ስለዚህ «ዲፎልት ፑል ሳይዝ» 12፣ «ማክስ ዲቢ ኮኔክሽንስ» (የፑሎቹ ሁሉ ድምር ጣሪያ) 80 ይሆናል። ከ97ቱ የቀረው 17 ለማይግሬሽን (አፕዴት የዳታቤዙን ቅርጽ ለሚቀይርበት ሥራ)፣ ለባክአፕና ለሪፖርት ነው።

ማይግሬሽን በፕሮክሲው በኩል አያልፍም። የማይግሬሽን መሣሪያዎቹ ሁለት ማይግሬሽን አንድ ላይ እንዳይሄድ «አድቫይዘሪ ሎክ» የሚባል ቁልፍ ይይዛሉ፤ በትራንዛክሽን ሞድ ሎኩ በአንዱ ግንኙነት ተይዞ የመልቀቂያው ትእዛዝ በሌላው ሊሄድ ይችላል። ያኔ የሚቀጥለው አፕዴት እዚያው ተገትሮ ይቀራል። ስለዚህ የማይግሬሽኑ ስክሪፕት (የትእዛዝ ፋይል) በ5432 በቀጥታ ይገባል፤ «ሎክ ታይምአውት»ም (ቁልፍ የሚጠብቅበት ጊዜ) 5 ሰከንድ ነው። ይህ ካልተደረገ ረጅም ሪፖርት የሚጠብቅ አንድ «ኦልተር ቴብል» (ሠንጠረዥ የሚቀይር ትእዛዝ) ከኋላው ያለውን ሁሉ ያስቆማል።

የራሳችሁ የአይቲ ሰው ያላችሁ የፒጂባውንሰሩ ቨርዥን 1.21 ወይም ከዚያ በላይ መሆኑን አረጋግጡ፤ «ማክስ ፕሪፔርድ ስቴትመንትስ»ን 200 አድርጉ። ከዚያ በታች ያለው ፕሪፔርድ ስቴትመንትን (አስቀድሞ የተዘጋጀ ጥያቄን) በትራንዛክሽን ሞድ አያውቅም። የዳታቤዝ ፓስወርድ ስትቀይሩ የፕሮክሲውን የ«ዩዘርሊስት» (የዩዘርና የፓስወርድ ዝርዝር) ፋይልም አብራችሁ ቀይሩ፤ ያለዚያ ዳታቤዙ ደህና ሆኖ ሎጊን ይከለከላል። የፑል መጠን ለመቀየር የፕሮክሲው «ሪሎድ» (ቅንብሩን እንደገና ማንበብ) ይበቃል፤ «ሪስታርት» ግን ሁሉንም ተጠቃሚ ያቋርጣል። ዳታቤዙን ራሱን ዘግቶ ለማስነሳት ለፕሮክሲው መጀመሪያ «ፖዝ» (ቁም)፣ በኋላ «ሪዚዩም» (ቀጥል) ላኩ። ይህን የሚያደርገው ስክሪፕት መሀል ላይ ቢወድቅም ሪዚዩም መላኩን አረጋግጡ።

ሥራ ሲበዛ ፕሮክሲውን «ሾው ፑልስ» ብላችሁ «ሲኤል ዌይቲንግ» (ወረፋ የያዙ ተገናኞች ብዛት) የሚለውን ዓምድ ተመልከቱ። ብቅ ብሎ ወደ 0 ከተመለሰ ጤና ነው። ሳይወርድ ከቆየ ፑሉን ከማስፋታችሁ በፊት የትኛው ጥያቄ ግንኙነት ይዞ እንደተቀመጠ ፈልጉ።

ለውጡ ቅዳሜ ማታ ከ4 ሰዓት በኋላ በየተራ ይገባል፤ ሐሙስ ገበያ ስለሆነ አንነካም። እስከዚያ 6432ን በውስጥ ፋየርዎል ክፈቱልን፤ ወደ ኢንተርኔት ግን አይከፈት። ባክአፕና በኤክሴል በቀጥታ የምታወጡት ሪፖርት በ5432 እንዳለ ይቀጥላል።

ከሰላምታ ጋር
የቴክኒክ ክፍል