ከምስሉ በፊት ያለችው ጠብታ

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በነርቭ ጉዳት ሳቢያ የሚመጣን የዓይን ሕመም የዓይንን ነርቮች አጉልቶ በሚያሳየው መሣሪያ፣ በኮንፎካል ማይክሮስኮፕ፣ ምስል ለይቶ ስለማወቅ በቅርቡ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ደብረ ብርሃን ሆኜ ደጋግሜ አነበብኩት፤ ሕመሙ ቤቴ አለና።

እናቴ ከሦስት ዓመት በፊት በግራ ግንባራቸው ላይ አልማዝ ባለጭራ ወጥቶባቸው ነበር። ቁስሉ ድኖ ጠባሳው እንኳ ከደበዘዘ በኋላ ዓይናቸውን እንደ በርበሬ የሚያቃጥለው ሕመም አልለቀቃቸውም፤ የጠዋቱ ነፋስ ሲነካቸው ነጠላቸውን እስከ ቅንድባቸው ስበው ባሉበት ይቆማሉ። በየሄድንበት ዓይናቸው በመሣሪያ ይታያል፣ ቁስለትም መቅላትም ይታጣል፣ ከዚያም «እማማ፣ ዓይንዎ ንጹሕ ነው» ተብለው የድርቀት ጠብታ ይዘው ይመለሳሉ። እሳቸው ይህን የቆጠሩት ውሸታም እንደመባል ነበር።

ጽሑፋችሁ በትክክል እንደገለጸው፣ ኮርኒያ የሚባለው ብርሃን አሳላፊ የዓይን የፊት ሽፋን ነርቭ እጅግ በብዛት የሰፈረበት በመሆኑ፣ ነርቮቹ ሲጎዱ ላዩ ደኅና መስሎ ሕመሙ ሊቀጥል ይችላል፤ ኮንፎካል ማይክሮስኮፑም የነርቮቹን መሳሳትና በጫፋቸው የሚፈጠረውን እብጠት ያሳያል። ሆኖም አንዱ ምስል የሚይዘው 0.4 ሚሊሜትር በ0.4 ሚሊሜትር የሆነች ቦታ ብቻ መሆኑ፣ እብጠቱም ሕመም በሌለባቸው ሰዎች ላይ ጭምር ሊታይ መቻሉ አለመጠቀሱ ቅር አሰኝቶኛል። አንባቢው መሣሪያው ከሌለ ምርመራ የለም ብሎ ይደመድማል፤ ከመንዝ፣ ከመሐል ሜዳ ከተማ ተነሥቶ ለሚመጣ ገበሬ ይህ ተስፋ ማስቆረጥ ነው።

እናቴን በመጨረሻ አዲስ አበባ ያዩዋቸው ሐኪም ምንም ምስል አላነሡም። መጀመሪያ የጥጥ ጫፍ አሹልተው ሁለቱንም ዓይን በየተራ ነኩ፤ በግራው በኩል ንክኪው ብዙም አልተሰማቸውም፤ ይህም የነርቩን መጎዳት ያመለክታል። ቀጥሎ አንዲት የማደንዘዣ ጠብታ ጨምረው ጥቂት ቆዩና «አሁንስ፣ እማማ?» አሏቸው። «ጋብ አለልኝ እንጂ አልተወኝም» አሉ። ሕመሙ በጠብታው ጨርሶ ከጠፋ ምንጩ እዚያው የዓይኑ ገጽ ላይ መሆኑን፣ ጨርሶ ካልጠፋ ግን ከዚያ ወዲያ ያለው የነርቭ መስመርና አንጎልም እንዳሉበት እንደሚያመለክት ያስረዱን ያኔ ነው። (ጠብታዋ ስትደጋገም ኮርኒያን ስለምትጎዳ ወደ ቤት የሚወሰድ መድኃኒት አይደለችም።) በዝቅተኛ መጠን የታዘዘላቸው አሚትሪፕቲሊን የተባለው የነርቭ ሕመም ማስታገሻ አሁን ሌሊቱን ያስተኛቸዋል፤ ነፋሱን ግን ዛሬም ይፈሩታል።

ስለዚህ ዝግጅት ክፍሉ አንድ የዓይን ሐኪም አነጋግሮ፣ አልማዝ ባለጭራ ወይም የዓይን ቀዶ ሕክምና ካለፈበት በኋላ ዓይኑ «ንጹሕ» እየተባለ የሚያቃጥለው ሰው በአቅራቢያው ባለ ሆስፒታል እነዚህን ሁለት ምርመራዎች እንዴት መጠየቅ እንደሚችል በሚቀጥለው እትም እንዲያወጣ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከደብረ ብርሃን